በሦስት ገመድ የታሰረች ቮልስ

ታላቅ ወንድሜ እስከ ዛሬ ድረስ ለሰው ሲያወራ «የአባታችንን መኪና ዝናብ በላት» ይላል። አጠገቡ ካለሁ ተነሥቼ እወጣለሁ፤ ካልወጣሁ እናገራለሁ፣ ከተናገርኩ ደግሞ ገበታው ይበላሻል። ዝናብ ምን በወጣው! አምቦ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲወርድ የኖረ ዝናብ ነው፤ አባቴ በሕይወት ሳለም ይወርድ ነበር። ያቺ መኪና ያን ሁሉ ዓመት ደጅ ቆማ ክረምት ስታሳልፍ አንድም ቀን ሆዷ አልተበሳም። የበላናት እኛ ነን፤ ሦስት ልጆችና ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ሆነን፣ ተመርቀን፣ አስረን በላናት።

መኪናዋ ቮልስ ነበረች፤ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ክብ፣ የወተት ቀለም ያላት። አባቴ በደርግ ጊዜ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር የእርሻ ባለሙያ ነው የገዛት። ቤታችን ከዋናው መንገድ ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚወርደው ሰፈር ነው። ግቢው ሰፊ ነው፤ መኪና የሚገባበት ቤት ግን ኖሮን አያውቅም። አባቴ ጋራዥ ልሥራ ባለ ቁጥር አንድ ነገር ይመጣል፤ የገዛው ቆርቆሮ ለኩሽና ይሆናል፣ ያስቆረጠው እንጨት ለአጥር ይሄዳል። ስለዚህ መኪናዋ ዕድሜዋን ሙሉ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ፈንጠር ብላ ኖረች። ከዛፉ ሥር አያቆማትም፤ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ነገር ቀለሟን ያበላሻል ይል ነበር።

ሰኔ ሊገባ ሲል አባቴ ሌላ ሥራ አልነበረውም። በመኪናዋ ዙሪያ ቦይ ይቆፍርና ጎርፉን ወደ ታችኛው አጥር ይመራዋል። የምትቆምበትን ቦታ ጠጠር ያለብሳል፤ በጠጠሩ ላይ ወፍራም ጣውላ ያነጥፋል፤ ጎማዎቿን በጣውላው ላይ ያሳርፋል። ሣር ላይ የቆመ መኪና ከሥሩ ያልበዋል ይላል። ሆዷን ከጋራዥ ለምኖ ባመጣው የተቃጠለ ዘይት ይቀባታል። ባትሪዋን ነቅሎ ቤት ያስገባል። መስኮቶቿን አንድ ጣት ያህል ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ ውስጧ በቅርጫት ከሰል ያኖራል፤ ከሰሉ እርጥበት ሲጠጣ ይሰነብትና ፀሐይ ስትወጣ ደጅ ያሰጣዋል። ልብሷን የሰፋላት የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ሰው ነበር፤ ወፍራም የጥጥ ሸራ። ላስቲክ ይሻላል የሚሉት ነበሩ። እሱ ግን ላስቲክ ያፍናል፣ መኪና ደግሞ ይተነፍሳል ብሎ ይመልሳቸዋል። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ካለች፣ ገበታ ላይ ቢሆን እንኳ እጁን ታጥቦ ይወጣና ሸራውን ይገፍፍላታል።

እናቴ መኪናዋን «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። ጣውንቴን አልብሰህ ስትጨርስ እኔንም አስታውሰኝ ትለዋለች። ትላለች እንጂ ያቺ መኪና ከማንም በላይ የሷ ነበረች። እናቴ አንድ ዓመት ደረጃ ላይ ወድቃ ግራ ጉልበቷ ከዚያ ወዲህ አልታጠፍ ብሏታል። ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ እግሯን የምታደርግበት ስለሌላት ሲጋፉባት፣ ሲረግጧት ታለቅሳለች። አባቴ የቮልሷን የፊት ወንበር አስፈትቶ ወደ ኋላ አስገፋላት፤ እግሯን ዘርግታ እንደ ቤቷ ትቀመጥ ነበር። እና ሁልጊዜ ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሁለቱ ሸነን ይወርዳሉ። እናቴ የሸነን ልጅ ናት፤ ታላቅ እኅቷ እዚያው ቀርታለች። አክስቴ ዓይኗ እየደከመ እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ጠፋ። የቮልሷን ድምፅ ግን ገና ከታችኛው መንገድ ትለየዋለች አሉ፤ ማንም ሳይነግራት «መጡ» ብላ ትነሣለች።

አባቴ ያረፈው በ2008 ነው። ከተማችን በዚያ ሰሞን ጤና አልነበራትም፤ መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሳይመሽበት ለመመለስ ይቻኮል ነበር። አክስቴ አልመጣችም። ዓይነ ስውር ሴት በዚያ መንገድ ማን ይዞ ይመጣል? ለአርባውም ሳትመጣ ቀረች። እናቴ ባሏ ከሞተባት ይልቅ ይሄ ያንገበግባት ነበር ብል ሰው ይፈርድብኛል፤ ግን እንደዚያ ነበር። ሁለቱ እኅትማማቾች ተቃቅፈው አላለቀሱም። እኛ ዘንድ ደግሞ ተቃቅፈው ያላለቀሱት ሐዘን አይወጣም፤ እርማችንን አላወጣንም ትላለች። አርባው ካለፈ በኋላ ሦስታችንን ሰብስባ አንድ ነገር ብቻ ለመነችን። «በሱ መኪና ሸነን አድርሱኝ። ድምፁን ሰምታ ትውጣና፣ እሱ አለመኖሩን ታግኘው። ከዚያ እናልቅስ።» ወንድሞቼ አንገታቸውን ደፍተው እሺ አሏት።

እሺታው አንድ ሳምንት አልቆየም። ለአርባው ከመጡት ሰዎች መካከል የታናሽ ወንድሜ የአዲስ አበባ ወዳጅ ነበረ፤ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየና እንዲህ ዓይነቷን ለሠርግ የሚያከራዩ፣ ሰብስበው የሚያስቀምጡ ሰዎች እንደ ጉድ ይፈልጓታል አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሽማግሌ አሮጌ መኪና ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲያ ውርስ ሆነች። ታላቅ ወንድሜ ጊንጪ ላይ እህል ይነግዳል፤ ሞተሯን ያሳደስኩት እኔ ነኝ አለ። ታናሹ እንጭኒ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ላንተ ናት ብሎኛል አለ። ታላቁ ለጥንቃቄ ብሎ ቁልፉን ይዞ ሄደ። ታናሹ እሱም ለጥንቃቄ ብሎ ሊብሬዋን ይዞ ሄደ። ቁልፉ ጊንጪ፣ ሊብሬው እንጭኒ፣ መኪናዋ አምቦ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ሆነ።

እኔ መካከለኛዋ ነኝ፤ ከእናቴ ጋር በዚያው ግቢ የምኖር፣ ኬሚስትሪ የማስተምር። መኪናዋን ለራሴ አልፈለግኋትም። መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። የፈለግሁት እናቴ ሸነን እስክትደርስ ድረስ ብረቷ በሰላም እንዲቆይ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ሲጥል፣ ማንም ቦይ እንዳልቆፈረ፣ ማንም ጣውላ እንዳላነጠፈ አየሁና የቻልኩትን አደረግሁ። የአባቴን ሸራ ከቆጥ አውርጄ አለበስኳት። ከሥሯ ድንጋይ ደረደርኩ። በማግስቱ ፀሐይ ወጣ፤ ገፈፍኳት። ሲደምን መልሼ አለበስኳት። ሰው የሚታዘበው ነገር ያደረግሁ አልመሰለኝም።

ታላቅ ወንድሜ በዚያ ሰሞን እህል ይዞ አምቦ መጣ። ግቢ ገብቶ ሰላም እንኳ ሳይለኝ መኪናዋን አየ። ማን አልብሺያት አለሽ አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ለሌላ አገር ሰው ይህን ማስረዳት ይቸግራል። እኛ ዘንድ መሬት ላይ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ቀድሞ ያጠረው ይገባኛል ማለቱ ነው። ያጠረ፣ ያለማ፣ ዛፍ የተከለ ሰው፣ ኋላ ሽማግሌ ፊት «ስንከባከበው የኖርኩት እኔ ነኝ» ይላል፤ ይሰማለታልም። እኔ ለወንድሜ ዝናብ የከለልኩ ሳይሆን አጥር ያጠርኩ ነበር የመሰልኩት። ሸራውን በገዛ እጁ ገፎ መሬት ላይ ጣለው። ታናሹ ይህን ሲሰማ ደግሞ ከእንጭኒ ደውሎ፣ ታላቅዬው መኪናዋን የገፈፋት ለገዢ ሊያሳይ ነው ብሎ ጮኸ። ካለበስኳት እኔ እወስዳታለሁ፤ ካራቆታት እሱ ይሸጣታል። በዚህ ምክንያት ቮልሷ የሰኔን ዝናብ ጨርሳ ሐምሌን እስክታጋምስ ራቁቷን ቆመች።

ያኔ ነው ሽማግሌ የተቀመጠው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ይህን ደጋግሜ የምለው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ንዴቴ ማረፊያ ያገኝ ስለነበር ነው። የሚመሯቸው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት፣ ጴንጤ፣ ግማሽ የሰፈሩን ልጅ በመርፌ ያሳደጉ ሰው። ሌሎቹ ሁለቱ የእድራችን ሰዎች ናቸው። በረንዳችን ላይ ዋሉ። አባቴን አነሡ፣ አመሰገኑ፤ ወንድሞቼን ገሠጹ፤ መኪናዋ የማን ናት የሚለውን ግን አልነኩትም። ያ ወደፊት በፍቅር ያልቃል አሉ። ለጊዜው የወሰኑት አጠባበቋን ነበር። መኪናዋ ትሸፈናለች። የሚያለብሳት ግን አንድ ሰው አይሆንም፤ ሦስቱ ልጆች አብረው ያለብሷታል። እያንዳንዱ ልጅ በገዛ ገመዱ፣ በገዛ ቋጠሮው ያስራታል። ሦስቱም ባሉበት ካልሆነ በቀር አትፈታም። ከእድሩ ሰዎች አንዱ በውሳኔው በጣም ተደስተው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አሉ። እኛም አብረን አንዲት ቮልስ አሰርን።

የአባቴ ሸራ አይሆንም ተባለ። እኔ ዘንድ የቆየ ስለሆነ የኔ ወገን ነው። ታላቅ ወንድሜ ከጊንጪ የእህል መጋዘን የሚሸፈንበት ወፍራም ሰማያዊ ላስቲክ አመጣ። ሐምሌ መካከል ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳያባራ ዘንቧል። መኪናዋ ላይዋም ታችዋም ውሃ ነው፤ ጎማዎቿ ጭቃ ውስጥ ገብተዋል። መስኮቶቿንም ሌባ እጁን እንዳያስገባ ተብሎ ጥርቅም አድርገው ዘግተዋቸዋል። እኔ አላስቻለኝም። ትንሽ ቀን እንጠብቅ፣ ፀሐይ ይምታት፣ ከሥሯ ጣውላ እናግባ፣ እንዲህ እርጥብ እንዳለች በላስቲክ ብንጠቀልላት ከመሬት የሚነሣው እርጥበት መውጫ ያጣል አልኩ። ታናሽ ወንድሜ «ውሃ ከታች ይዘንባል እንዴ? አስተማሪዋ ጀመረች» አለና ሰዉ ሳቀ። ጎረቤታችን አልሳቁም። ትከሻዬን ያዝ አድርገው በቀስታ ነበር የተናገሩኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ፀሐይ እስኪወጣ ስንጠብቅ እናንተ ትጣላላችሁ። መጀመሪያ ሰላም ይውረድ፤ ብረት ይደርሳል።»

ብረት አልደረሰም። ግን ያን ቀን ምን እላለሁ? ሰላም አልፈልግም እላለሁ? ገመዴን ተቀበልኩ። ታላቅ ወንድሜ እንደ ነጋዴነቱ የጆንያ አፍ በሚታሰርበት ዓይነት ቋጠረ፤ በእግሩ ረግጦ ሳበው። ታናሹ እንደ ጸሐፊነቱ ቋጠሮው ላይ ፕላስተር ለጠፈና በእስክሪብቶ ፈረመበት። እኔ እንደ ነገሩ አሰርኩ፤ ጠበቅ አድርጊው ተብዬ ደግሜ አሰርኩ። ላስቲኩን እስከ መሬት አውርደው ዙሪያውን ድንጋይ ጫኑበት፤ ነፋስ እንኳ እንዳይገባ።

የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እናቴ በከዘራዋ እየተደገፈች ወጥታ ከበረንዳው ጫፍ ቆመች። ልጆቿ አንድ ነገር ላይ አብረው እጃቸውን ሲያሳርፉ ማየቷ ደስ ብሏት ነበር። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ብቻውን የፈታ ያጠባሁት ጡት ይፋረደው» አለች። ጎረቤታችን መሐላ ባይኖርበት ጥሩ ነበር ብለው አጉረመረሙ፤ በሃይማኖታቸው መሐላ አይወዱም። ግን ቃሉ ወጥቷል። እናቴ የምታስበው እስከ መስቀል ነበር። ለመስቀል ልጆቼ ይስማማሉ፣ ለጥር እኔ ሸነን እሄዳለሁ ትላለች፤ ይህንኑ ማታውኑ ለእኅቷ በስልክ ነገረቻት።

መስከረም ጠባ፤ ሰማዩ ጠራ። አባቴ ቢኖር ኖሮ በሯን ሁሉ ከፍቶ፣ ምንጣፏን አጥር ላይ አስጥቶ፣ ሞተሯን አስነሥቶ የሚያስጮህበት ወር ነው። ላስቲኩ ፀሐይ ሲነካው ከውስጥ በኩል ያልበው ጀመር። ጠጋ ብዬ ሳይ ጠብታው በጣት የሚቆጠር አልነበረም፤ ቀን ይነሣል፣ ማታ መልሶ መኪናዋ ላይ ይንጠባጠባል። ለወንድሞቼ ደወልኩ። ታላቁ ገበያ ላይ ነኝ አለ። ታናሹ ፈቃድ አልተሰጠኝም አለ። ለመስቀል ታላቁ መጣ፣ ታናሹ ቀረ። ለገና ታናሹ መጣ፣ ታላቁ ቀረ። አንዱ እንደሚመጣ የሰማ ሌላው ይቀራል፤ ቀድሞ የመጣ የቸኮለ ይመስላላ! የመጣው ሁሉ ደግሞ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ዞሮ ቋጠሮዎቹን ያያል፤ የራሱን ይነካካል፤ እንዳልተፈታ ሲያረጋግጥ «ደህና ናት» ብሎ ቤት ይገባል።

ትምህርት ቤት በዚያው ወራት የማስተምረው ስለ ዝገት ነበር። ምስማር በጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ፤ ውሃ ብቻውን ምን ያህል፣ አየር ብቻውን ምን ያህል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ምን እንደሚያደርጉ። ማስታወሻ አስጽፌ፣ ፈትኜ፣ አርሜ ቤቴ እገባለሁ። ቤቴ ደግሞ ያው ነገር በሰማያዊ ላስቲክ ተጠቅልሎ ግቢው መካከል ቆሟል። እጄን ዘርግቼ የአንድ ክንድ ያህል ብገልጣት ትተነፍስ ነበር። በእውነት ያንገበግበኝ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በጓሮ በር ዞሬ የምገባው እንዳላያት ብዬ ነው።

አንድ ቀን እናቴን ለመንኳት። ቃልሽን አንሺልኝ፤ ገመዱን አልነካም፣ ከሥሩ ድንጋዮቹን ብቻ አንሥቼ ነፋስ ላስገባላት አልኳት። 

«የተፋሁትን ምራቅ መልሼ ልዋጥ? ሦስታችሁንም አጥብቻለሁ። ላንቺ ብቻ ካነሣሁ ለሁለቱ ምን እመልሳለሁ?»

«መኪናዋ እኮ እየሞተች ነው፣ እማዬ።»

«ልጆቼ እንዳይሞቱብኝ ነው የማልኩት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አላነሣሁባትም።

አክስቴ በገበያ ቀን ጎረቤቷ ስልክ ላይ ትደውላለች። «ዮም ዱፍታ?» ትላለች፤ መቼ ነው የምትመጪው ማለቷ ነው። እናቴ ሁልጊዜ ለጥር ትላታለች። ጥር ሲያልፍ ለሚመጣው ጥር ትላታለች። ወንድሞቼ ኮንትራት መኪና እንያዝልሽ ብለው ነበር፤ በየፊናቸው፣ አንዱ ሌላውን እንዲበልጥ። አልሄድም አለች። እንግዳ መኪና ደጇ ቢቆም ምኗ ነው፣ ምን ሰምታ ትወጣለች አለች። ሰው ግትርነት ነው ይላል። እኔ ግን ይገባኛል። ባሏን በሬሳ ሣጥን አይታዋለች፤ እኅቷ ግን አላየችውም፣ ማየትም አትችልም፤ ስለዚህ የምትሰማው አንድ ነገር ልትወስድላት ፈለገች።

እንዲህ እየተባለ ዓመት በዓመት ላይ ተጨመረ። መንገድ የሚዘጋባቸው ወራት ነበሩ፤ ወንድሞቼ በእውነትም መምጣት የማይችሉባቸው። ኮሮና መጣ። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ አረፉ፤ ታናሽ ወንድሜ አሳሪው ሽማግሌ ሳይሟላ መፈታት የለባትም አለ። ምትክ ሽማግሌ ለመምረጥ ሌላ ሽማግሌ ማስቀመጥ ሊኖርብን ነበር። በየክረምቱ ማብቂያ ከላስቲኩ ሥር ቡናማ ውሃ እየወጣ ሣሩ ላይ ይፈስሳል። ፎቶ አንሥቼ ለሁለቱም ላክሁላቸው። ታናሹ አፈር ነው አለ። ታላቁ ምንም አልመለሰም። አይጥ ገብታ ስትወጣ አያለሁ። አንዳንድ ቀን ነፋሱ ወደ ቤት ሲነፍስ፣ የተቆለፈ ምድር ቤት የሚሸት ዓይነት ሽታ ይመጣል። እናቴ ይህ ሽታ ምንድን ነው ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

በመጨረሻ ያስታረቃቸው ፍርሃት ነው። እናቴ በአንድ የኅዳር ወር ታመመችና ሆስፒታል ገባች። ሊጠይቋት የመጡ ዘመዶች ወንድሞቼን ኮሪደር ላይ አቁመው ተጣልታችሁ ትቀብሯታላችሁ ወይ አሏቸው። አፈሩ። እዚያው አልጋዋ ዘንድ ቆመው መኪናዋ የማንም አይደለችም፣ የእናታችን ናት ብለው ተስማሙ። ከጥምቀት በኋላ ትፈታለች፤ ታላቁ እየነዳ፣ ታናሹ ከኋላ ሆኖ፣ እናታችንን ሸነን ያደርሷታል። እናቴ በሳምንቱ ከአልጋዋ ተነሣች። ሐኪሙ መድኃኒቱ ነው አለ። እኔ ግን መድኃኒቱን አውቀዋለሁ።

ያን ቀን ጠዋት እናቴ ከሁላችን በፊት ለብሳ ጨርሳ ነበር። ካወለቀችው ዓመታት ያለፉትን ጥቁር ቀሚስ መልሳ ለበሰች፤ ለቅሶ ነው የምትሄደው። ለእኅቷ ጋቢ፣ ስኳርና ሳሙና በዘንቢል አሰናድታለች። አክስቴ ከማለዳ ጀምሮ በሯ ላይ በርጩማ አስወጥታ እንደተቀመጠች ከሸነን ተደውሎልናል። ጎረቤታችን መጡ፤ ከእድሩም ሰዎች መጡ። ታናሽ ወንድሜ አዲስ ባትሪ ገዝቶ ነበር። ታላቁ ቤንዚን በጀሪካን ይዞ፣ ጎማ የሚነፋ ሰው አስከትሎ መጣ። ሁሉም ነገር ታስቦበታል። እኔም በሆዴ እንደ ሞኝ፣ ምናልባት ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር።

የኔ ቋጠሮ ቶሎ ተፈታ። የታናሹ ፊርማ የታጠበው በመጀመሪያው ክረምት ነው፤ ቋጠሮው ግን ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። የታላቁ የጆንያ ቋጠሮ አልፈታ ብሎ በቢላዋ ቆረጡት። ላስቲኩን ሲስቡት ጣራዋ ላይ ተጣብቆ ቀለሟን ልጦ አብሮት ተነሣ። መጀመሪያ ሽታው ወጣ፤ ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አለ። ወንበሮቿና መሪዋ በነጭ ሻጋታ ተሸፍነዋል። የበሮቿ የታችኛው ክፍል አይጥ የበላው ቅርጫት መስሏል። ታላቅ ወንድሜ የአሽከርካሪውን በር ሲከፍተው ማጠፊያው ተነቀለና በሩ ክንዱ ላይ ወደቀ። ባትሪውን የያዘው ታናሽ ወንድሜ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት እንደታቀፈው ቆመ።

«ወይ ዝናብ» አለ ታላቁ።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ። ወንድሞቼ በአንድ ጊዜ ቸር ሆኑ። ታላቁ በቃ አንተ ውሰዳት አለው ታናሹን። ታናሹ ታላቅ እያለ እኔ አልወስድም አለ። ውሰድ፣ አልወስድም ተባባሉ፤ ዓመታት ሙሉ ሲነፋፈጉ የኖሩ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። የእድሩ ሰዎች አጨበጨቡ። ጎረቤታችን እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ጌታን አመሰገኑ፤ ሰይጣን አፈረ አሉ። ቀጥሎ ደግሞ እንዴት መሸፈን እንደነበረባት ውይይት ተጀመረ። ጣውላ ያስፈልግ ነበር አለ አንዱ። ሸራ ይሻል ነበር አለ ሌላው፤ ላስቲክ እኮ ያፍናል። ይህን ያለው ታናሽ ወንድሜ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ልናገር አፌን ስከፍት ቁጣው እንባ ሆኖብኝ ዞር አልኩ።

በዚህ ሁሉ መካከል እናቴን ያስታወሳት አልነበረም። ዞር ስል በከዘራዋ እየተደገፈች፣ ዘንቢሏን በክንዷ አንጠልጥላ ወደ መኪናዋ እየሄደች ነው። በተሳፋሪው በኩል ያለው በር ገና አልተነቀለም፤ እየጮኸ ተከፈተላት። እማዬ ተዪ፣ ያቆሽሽሻል አልኳት። አልሰማችኝም። እንደ ድሮዋ መጀመሪያ ጎኗን አስገባች፤ ቀጥላ የማይታጠፈውን እግሯን በእጇ አንሥታ አስገባችና ዘረጋችው። ወለሉ ላሜራ አልነበረም፤ ቅርፊት ብቻ ነው የቀረው። ተረከዟ በስቶት ወረደና ጫማዋ ከሥሩ ያለው ሣር ላይ ቆመ። ፀሐይ አይቶ የማያውቅ፣ ነጣ ያለ ሣር ነው።

እግሯን አልሳበችውም። ነጠላዋን ሰበሰበች፤ ዘንቢሉን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ፊት ለፊት አየች። ሲወያዩ የነበሩት ዞረው አዩዋት። በዚያው መካከል ስልኳ ጮኸ፤ ከሸነን ነው። ተነሥታችኋል ወይ ብላ ስትጠይቅ የአክስቴ ድምፅ እኔ እስከቆምኩበት ይሰማ ነበር። እናቴ ድምፅዋ ሳይለወጥ «መኪናው ውስጥ ገብቻለሁ» አለቻትና ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ በበሩ በኩል ቀና ብላ ታላቅ ወንድሜን አየችው።

«ንዳ» አለችው።

ወንድሜ አልተንቀሳቀሰም።

«ተስማምታችሁ የለም እንዴ? ንዳ እንጂ።»